መደርደሪያው ላይ ያለው አፍ

ሰው ሁሉ ጭምት ይላታል። ቤት ጭምት ናት፣ ሥራ ቦታ ጭምት ናት፣ በሰፈሩም «ያቺ ጭምቷ፣ የዳኛው ልጅ» ሲባል የማያውቃት የለም። ስትስቅ ጥርሷን አየሁ የሚል ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሳቅ ሲመጣባት ቀኝ እጇ ከእሷ ቀድሞ ይነሳና ከንፈሯ ላይ ያርፋል። ሳቁ መዳፏ ውስጥ ይወለድና እዚያው ይሞታል። የጎረቤት አሮጊቶች ይህን አይተው «አስተዳደግ ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ለልጅ ልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጓታል።

ነገሩ አስተዳደግ አልነበረም። ድዷ ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጠዋትና ማታ የምትውጠው ክኒን መውደቁን ከለከለላት፣ በምትኩ ግን ድዷን አሳደገው። መጀመሪያ በፊት ጥርሶቿ መሐል እንደ ምስር ፍሬ ያለች እብጠት ብቅ አለች። እብጠቷ እህት ወንድም አፍርታ፣ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ቀይና ወፍራም ሆና ወደ ታች ወረደች፣ ጥርሶቿንም እስከ ግማሽ ሸፈነቻቸው። ብሩሽ ሲነካት ትደማለች። ስለምትደማ ብሩሹ ቀስ ይላል፣ ብሩሹ ቀስ ባለ ቁጥር ደግሞ እሷ ትብሳለች። ስለ በሽታውም ስለ ክኒኑም ለባዳ ትንፍሽ እንዳይባል እናቷ ደንግጋለች። ባሏ በሕይወት ሳሉ ዳኛ ነበሩና በዚያ ቤት ድንጋጌ ይግባኝ የለውም።

እግዜር ሲቀልድ ለዚህች ልጅ ያወጣላት እንጀራ መናገር ነው። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ናት። የጆሮ ማዳመጫውን ስታጠልቅ አፍ የሚያይባት የለም፣ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅዋ ደግሞ የተቆጣ ደዋይን መሐል መንገድ ላይ ቁጣውን የሚያስረሳ ነበር።

ከእሱም ጋር ያገናኛት ይኸው ድምፅ ነው። ጥርስ ሠሪ ነው፤ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ከጀሶና ከሰም የሰው ጥርስ ይሠራል። አንድ ቀን ውሃ ተቋርጦበት ጀሶ ማቡካት ቢያቅተው ደወለ። በማግስቱም ደወለ።

«ምን ልርዳዎት?»

«ምንም። ውሃችን መጣ።»

«መምጣቱን ሊነግሩኝ ነው የደወሉት?»

«ሲሄድ ጮኼ ሲመጣ ዝም ብል ነውር መሰለኝ።»

እጇ ተነሳ። ማንም ሳያያት፣ ብቻዋን በስልክ ፊት፣ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ በኋላ የዚያ ሕንፃ ውሃ በሄደና በመጣ ቁጥር ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ተገኘ። አንዳንዴም ውሃው ሳይሄድ መጣ ይል ነበር።

ከስልክ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ልብ ለመድረስ ጥቂት ሳምንታት በቁ። ከሥራ መልስ አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ በሻርፗ ተጠቅልላ፣ እሱ ጥፍሮቹ ሥር ያለችው ነጭ ዱቄት እንዳትታይበት እጆቹን ኪሱ ከትቶ። ሁለቱም የሚደብቁት ነበራቸው፤ የእሱ ግን በሳሙና ይለቃል። ሊለያዩ ሲሉ አራት ማዕዘን የታጠፈች ትንሽ ደብዳቤ ይሰጣታል። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነበር፣ ፊደሎቹ እኩል ቁመት ይዘው ጥርስ በጥርስ የተደረደሩ። እናቷ አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ሆና አየቻቸው። ማታ ራት ላይ ጨው እንደምትጠይቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያ ጀሶ ለቅላቂ ከበራቸው እንዲርቅ ተናገረች፤ ቀጥላም የጓደኛዋ ልጅ፣ ጠበቃው፣ ከውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ መመለሱን አነሳች። ጠበቃው ከመምጣቱ በፊት አፍሽ ይስተካከል አለች።

ድድ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻትም ለዚሁ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ዓይኗ የሚረጋ። ድዱን በቀጭን ብረት እየለካች ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀች። እናቷ የጨጓራ አለች። ሐኪሟ ብረቷን አስቀምጣ ወደ ልጅቷ ዞረች፣ ጥያቄውንም ደገመችው። ጭምቷ የክኒኑን ስም ተናገረች፣ እናቷን ሳታይ። ያን ቀን ነው እውነቱን የሰማችው፤ ያስቀየማት የገዛ ሥጋዋ ሳይሆን ክኒኑ መሆኑን፣ ይህም በእሷ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን፣ መቁረጥ ቢቻልም ክኒኑ ካልተለወጠና ጥርሱ በደንብ ካልጸዳ ተመልሶ እንደሚያድግ። ስለ ክኒኑ ግን የነርቭ ሐኪም ነው የሚወስነው ተባለ። ከዚያ ሐኪሟ በቀዝቃዛ ሊጥ መሰል ነገር የተሞላ ትንሽ የብረት ሰሃን አፏ ውስጥ አስገብታ ልኳን ወሰደች። ልኩ በጀሶ ይቀዳል፣ ከመቆረጡ በፊት አፉ እንዴት እንደነበረ ይታወስበታል። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ስም እንዳይጻፍበት አደራ አለች። ሐኪሟ ቁጥር ጻፈችበት።

የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የዚያን ሳምንት ሐሙስ ጥርስ ሠሪው የሥራ ቦታውን ሊያሳያት ለመናት። እሷም እሺ አለች፣ ምክንያቱም ቆርጣ ነበር። ልትነግረው ነበር። ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ዓረፍተ ነገሩን ተለማምዳዋለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አስራ ሁሉ ተለማምዳዋለች። እድሜ ልኳን ያልተናገረችውን ነገር ለመናገር ደረጃውን ስትወርድ ደስ ብሏት ነበር።

ምድር ቤቱ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ በእሱ በኩል የመንገደኛ ጫማ ብቻ ይታያል። የቀለጠ ሰም ይሸታል። ሞተሩ ሲዞር ነጭ አቧራ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው መደርደሪያ ላይ የሰው አፍ ተደርድሯል፤ ጥርስ የጎደለው፣ ጥርስ የተደራረበው፣ የሕፃን የሚያህለው። አባባ የሚባሉት አንጋፋው ሠራተኛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀበሏት።

«አትፍሪ ልጄ፣ ግቢ። እዚህ ቤት ሁሉም ጥርስ አለው፣ የሚናከስ ግን የለም።»

ለጀሶዎቹ ስም ማውጣት የቤቱ ወግ መሆኑን ነገሯት። ስም የለባቸውም፣ ቁጥር ነው ይዘው የሚመጡት፤ ከቁጥር ጋር ደግሞ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት ይውላል? ያ ጄኔራሉ ነው፣ ያቺ ሙሽራዋ ናት፣ ያ ደግሞ አከራዬ ነው፣ የበላው አይጠረቃውም። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሱ ከሞተሩ ኋላ ሆኖ ሳቋን ሰማ፣ እንደ ዘመድ ሠርግም ደስ አለው።

ከዚያ አየችው። ከሌሎቹ ተለይቶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ፣ ወረቀት እንዳይበር ተጭኖበት። ሰው የራሱን አፍ በጀሶ አይቶ አያውቅ ይሆናል፣ እሷ ግን የፊት ጥርሷን አወቀችው። በልጅነቷ ስትወድቅ ጫፉ የተሸረፈው ነው። ከሽራፊው በላይ ያ ወፍራም ድድ ነበረ፣ በየጥርሱ መሐል ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ቀይነቱ ቀርቶ ነጭ ሆኖ። አነሳችው። ከተገመተው በላይ ይከብዳል። ገለበጠችው። ሥሩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በእርሳስ «ሊጧ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሎቹ እኩል ቁመት ነበራቸው፣ ጥርስ በጥርስ የተደረደሩ።

«እሷን እንኳ ተያት» አሉ አባባ። «ሊጧ ናት፣ ገና አልተጋገረችም።»

ጥርስ ሠሪው ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። ይህችን ልጅ ማሳቅ በዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚወደው ሥራ ነበር።

«አየሽ?» አላት፣ ጣቱን ወደ ጀሶው እያመለከተ። «ኩፍ ብላ ከማቡኪያው ልትፈስ ነው።»

አልሳቀችም። ጀሶውን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ወረቀቶቹም እንዳይበሩ አስተካክላ። የረሳችው ጉዳይ ትዝ እንዳላት ተናገረች። ደረጃውን ስትወጣ ከኋላዋ ሲጠራት ሰማች። መስኮቱ ላይ ካሉት ጫማዎች መሐል የእሷም አለፈ፣ እሱም ወደ ላይ አንጋጦ ጫማዋ ሲሄድ እያየ ቀረ። መንገድ ላይ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው። የሚያሳፍራት እሱ መሳቁ ብቻ አልነበረም። ለአንድ አፍታ፣ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ፣ እሷም ልትስቅ እንደነበር ነው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ የእሱ ቁጥር ሲደውል ለባልደረቦቿ ትተወዋለች። ደብዳቤ በሥራ ባልደረባዋ በኩል ደረሳት። እንዲህ ይላል፦ «ምድር ቤቱ ጨለማ መሆኑን አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ያንቺ ዓይነት ሰው የሚገባበት ቤት አይደለም። አንድ ቀን መስኮት ያለው ቦታ እከራያለሁ ብዬ ነበር የማስበው።» ደጋግማ አነበበችው። ባላጠፋው ጥፋት ራሱን ይወቅሳል፣ ያጠፋውን አያውቀውም። ልታስረዳው ደግሞ ያን ስም አንስታ «እኔ ነኝ» ማለት ሊኖርባት ነው። ደብዳቤውን አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ተኝታ ሳለ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር።

ክኒኑን የተጣላችው ያኔ ነው። እናቷ እያየች አፏ ውስጥ ታስገባና ምላሷ ሥር ትይዘዋለች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትተፋውና ውሃ ትለቅበታለች። ክኒን ከሌለ ድድ የለም፣ ድድ ከሌለ ሊጥ የለም፤ ስሌቷ ይኸው ነበር። ጥቂት ቀን ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ቀለል ያላት መሰላት። እንግዲህ ቀብረው የረሱት ጠላት እንዲህ ነው፣ ደጅ ላይ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል።

የጣላት ሥራ ላይ ነው፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ፈነዳ ቧንቧ እየነገረቻት። ስትነቃ ጉንጯ ምንጣፉ ላይ ነበር። ምላሷ ተነክሷል፣ አፏ ደም ደም ይላል፣ አንዷ ባልደረባዋ ጭንቅላቷን በእጆቿ መሐል ይዛ ታለቅሳለች። ከራሷ ላይ የወደቀው የጆሮ ማዳመጫ አጠገቧ ነበር። ሴትዮዋ አሁንም ከውስጡ «ሄሎ? እየሰማሽኝ ነው? ሄሎ?» ትላለች። እናቷ በታክሲ በርራ መጥታ ለአለቃዋ ልጄ ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው አለችው። አለቃው አንገቱን ነቀነቀ። ባልደረቦቿ ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያመነ አንድም ሰው አልነበረም፣ ይህን ደግሞ ከእናቷ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ስንት ዓመት ሳያዩዋት እንደቀሩ አስታወሱ። እናቷ ሰው በሚሰበሰብበት በዚያ የተራ መጠበቂያ ክፍል ልጇ እንዳትታይ ብላ፣ አሮጌውን ማዘዣ ብቻ እያሳየች ከመድኃኒት ቤት ትገዛ ነበርና። ሐኪሙ ከንፈሯን ከፍ አድርገው ድዷን አዩ።

«ይህን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ» አሉ፣ «መድኃኒቱን ቀደም ብዬ እቀይረው ነበር። ሌላ አለ እኮ፣ ልጄ። ግን አሮጌው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አዲሱ ቀስ ብሎ ይገባል። በድንገት ማቆም ራስን ከሰገነት መወርወር ነው። ገባሽ?»

ገብቷታል። ያለቀሰችው ስለ ተቆጧት አልነበረም። «ሌላ አለ እኮ» ስላሏት ነው። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ መዳፍ ውስጥ የሞተ ሳቅ፣ ሌላ እያለ።

ዝናቡ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ አሮጌው ክኒን በአዲሱ ተተካ። ድድ ሐኪሟ በየጊዜው ጥርሷን ታጸዳላታለች፤ አቦራረሹንም እንደ አዲስ አስተማረቻት፣ እየደማም ቢሆን ሥሩ ድረስ፣ ሳትፈራ። ደሙ ቆመ። ድዱ ትንሽ ሸሸ፣ ቅላቱም ቀነሰ። የኖረውና የጠነከረው ግን አልሄድ አለ። ሐኪሟ የቀረውን መቁረጥ አለብን አለች፣ ከላይ እንጀምራለን። ቁስሉን የሚከልል ስስ መሸፈኛም ታዘዘ፣ በዚያው በጀሶው ልክ። ማን እንደሚሠራው ጭምቷ ታውቃለች። ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈበት ብላ ራሷን አጽናናች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ሰማዩ አመድ ለብሶ ነበር። መርፌው መጀመሪያ አመማት፣ ከዚያ ከአፍንጫዋ በታች ያለው ፊት የሌላ ሰው ሆነ። አፏን የሚከፍት ፕላስቲክ ከንፈሮቿን ወደ ላይና ወደ ጎን ገተራቸው። መብራቱ ፊቷ ላይ ወረደ። የሚቆረጠው አያማትም፣ ድምፁ ግን ይሰማታል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲተለተል። በዓይኗ ጣሪያውን ይዛ ቆየች። ሐኪሟ ደሙን ካቆመች በኋላ ጓንቷን ቀየረችና ለረዳቷ መሸፈኛው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። ረዳቷ ሠሪው ራሱ ይዞት መጥቷል፣ ውጭ ነው ያለው አለቻት።

«ጥሩ፣ ይግባ። ልኩን እዚሁ ያስተካክለው።»

በሩ ተከፈተ።

ነጭ ካፖርቱን ለብሷል፣ ሁለት እጁ ላይ ትሪ ይዟል። ትሪው ላይ ስሱ መሸፈኛ አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ያቺ ጀሶ። ሐኪሟ ለማወዳደር አምጣ ብላው ነበር። የጭምቷ ቀኝ እጅ ተነሳ። እድሜ ልኩን የተነሳ እጅ እንዴት ይቅር? ሐኪሟ ግን አየር ላይ ያዘችው፣ ወደ ታችም መለሰችው።

«እጅሽን አሳርፊ፣ የኔ ቆንጆ። ንጹሕ ቦታ ነው።»

ስለዚህ አያት። መጀመሪያ ዓይኗን አየ፣ አወቃትም፣ ፊቱ ላይ ብርሃን ሊወጣ ጀመረ። ከዚያ ወደ ታች፣ በመብራቱ ሥር ተከፍቶ ወደ ተገተረው አፍ አየ፤ የተቆረጠ ድድ፣ የደም ክር፣ ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ። ከዚያ ትሪው ላይ ያለችውን ጀሶ አየ። ያንኑ ሽራፊ። ትሪው በእጁ ላይ ተንቀጫቀጨ፣ የጀሶው ሥር ብረቱን ሲመታ እንደ ጥርስ መንቀጥቀጥ ተሰማ። የወጣው ብርሃን ፊቱ ላይ ሲጠፋ እያየች ነበር፤ ዓይኗን መዝጋት ትችል ነበር፣ አልዘጋችም።

ሐኪሟ ምንም አላስተዋለችም። ቀጥል አለችው። ቀጠለ። ጓንት አጠለቀ፣ መሸፈኛውን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ጥርሶቿ ላይ ገፋው። ትንፋሹ ይሰማታል፣ የእጁ ሙቀት ግን አይሰማትም፤ መድኃኒቱ ያንን ወስዶታል። መጀመሪያ የነካት በዚህ ዓይነት ሆነ፣ እሷ ሳይሰማት።

«በግራ በኩል ቁስሉን ይነካታል» አለ ለሐኪሟ፣ ድምፁ እንደተቀዳደደ ወረቀት። አወጣው፣ ሞረደው፣ መልሶ አስገባው። በጣቱ ዳር ዳሩን ዞረው። ሥራውን ምንም ሳያጎድል ሠራ። ከዚያ ወጣ።

ሲጨርሱ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ከእናቷ ጋር አስቀመጧት፣ ማዞሩ እስኪተዋት። ሌሎች ታካሚዎችም ተቀምጠዋል። እሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ነበር። ጀሶዋን በሁለት እጁ ይዞ መጣና ፊታቸው ቆመ።

«ምን ፈለግህ አንተ?» አለችው እናቷ።

«እሷን ነው፣ እናቴ።»

«መናገር አትችልም፣ ደንዝዟታል። ሂድ።»

አልሄደም። ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። ስልኩን ሌላ ሰው ሲያነሳው እየዘጋው ከረመ፤ ይህን ነገራት። የምድር ቤቱ ጨለማ መስሎት እንደነበርም ነገራት።

እሷ ተናገረች። ያ ሰው ሁሉ የሚወደው ድምፅ አብጦና ተንሻፎ ወጣ፣ ቃላቱ ከንፈሯ ላይ እየተንሸራተቱ ወደቁ።

«ስሙን ማን አወጣው?»

ጀሶዋን አየ። አባባ ማለት ይችል ነበር። አባባ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልደኛ ናቸው፣ ብዙ ስም አውጥተዋል፤ አንድ ተጨማሪ አይከብዳቸውም። እሷም ይህን አውቃ ጠበቀች፣ እንዲዋሽላት በልቧ እየለመነች።

«እኔ ነኝ።»

«ሳቃችሁ?»

«ሳቅን። ያሳቅኋቸውም እኔ ነኝ። አንቺን ደግሞ ላስቅሽ ብዬ ደገምኩት።» ዓይኑ ሞላ፣ ግን አላበሰውም። «ሌላ ምንም የምለው የለኝም። ባወራ አሳምረዋለሁ፣ ባሳምረው ደግሞ ሌላ ውሸት ነው።»

ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ማውራቷን አቆመች። እናቷ ሰው መስማቱን ስታይ ፊቷን እንግዳ እንደምትሸኝ ሰው አስተካክላ ጣልቃ ገባች። የጨጓራ መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረጋት፣ አሁን አልፏል፣ ምንም የለባትም አለች። እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ጭምቷ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ ለመደገፍ ይሁን ዝም ለማሰኘት አልለየም።

«የጨጓራ አይደለም» አለች። «የሚጥል በሽታ አለብኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ክኒኑን ስለምወስድ ነው ድዴ ያደገው። ያን ቀን የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነበር።» ምራቅና ደም አገጯ ላይ ወረደ። ይሰማታል፣ አልጠረገችውም። «ለብሼ፣ ተለማምጄ ነበር የመጣሁት።»

እሱ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ጀሶዋን ወደ እሷ ዘረጋት።

«ልስበረው» አላት። «ወይም ራስሽ ስበሪው። እዚሁ፣ ፊቴ።»

ተቀበለችው። ከባድ ነበር፣ እንደዚያን ቀኑ። ገልብጣ አየችው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሳለ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ሊያጠፋው ታግሏል፤ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ቀርቷል፣ በጭጋጉ ውስጥ ፊደሎቹ አሁንም ለሚያውቃቸው ይታያሉ። ስትሰብረው ምን ያህል ደስ እንደሚላት አሰበች። ወለሉ ሰድር ነው፣ አንድ ጊዜ መልቀቅ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ግን ያ አፍ የማንም አይሆንም፣ እንዳልነበረ ይሆናል፣ እናቷ እንደምትፈልገው።

«አትስበረው» አለች። «እርሳስህን አምጣ።»

እርሳሱ እንደ ሁልጊዜው ጆሮው ላይ ነበር።

«ስሜን ጻፍበት።»

«እኛ እኮ ቁጥር ነው...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ስሜን» አለች እንደገና። «መደርደሪያው ላይ መልሰው። የገባ ሁሉ ያንብበው።»

እናቷ አግዳሚው ላይ ወደ ፊት ተሳበች። «ስም?» አለች፣ «ማንም በሚገባበት ቤት? ስማችንን?» እሱ ተንበርክኮ ጀሶዋን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ፊደሎቹ እኩል አልሆኑም፤ አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ወደቀ። እሷ ፊደል በፊደል ስትከተለው ሌላ ሰው ስሟን ሲጠራት የሰማች መሰላት፣ ከሩቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። ድዱ ተመልሶ እንደማያድግ ቃል የገባላት ሐኪም አልነበረም፤ እየመጣሽ መታየት አለብሽ ነው ያሏት። ስለ እሱም ከዚህ የተሻለ ተስፋ የሰጣት የለም። ጀሶዋን ደረቱ ላይ ይዞ በኮሪደሩ ሲሄድ ጀርባውን አየችው። ነጭ ካፖርቱ ጉልበቱ ጋ ቆሽሿል፣ ከተንበረከከበት።

ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የታክሲውን መስታወት ይመታል። ድንዛዜው ከከንፈሯ ጥግ መልቀቅ ጀመረ፣ በለቀቀ ቁጥር ሕመሙ ቦታውን ይይዛል። ብዙ መንገድ ሄደው እናቷ መስኮት መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«ጠበቃው ቢሰማስ?»

«ይስማ።»

እናቷ ዞረች። ልጇን አየቻት፤ ያበጠውን ከንፈር፣ አገጩ ላይ የደረቀውን ደም፣ ከዚያ ዝቅ ብላ እጆቿን። ሁለቱም ጭኗ ላይ ነበሩ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ምንም ሳይዙ፣ ምንም ሳይሸፍኑ። እናቷ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማዶ ሳለ የሻርፗን ጫፍ አንስታ የራሷን አፍ ሸፈነች።